ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንኩ) ጀልባዬ ውስጥ ቤንዚን ያፈሳል፤ ምን ላድርግ? (ሐዋሳ)

የታቦር_ልጅ | እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ዳር እየተነሳሁ ሰው የማንሸራሽርባት አንዲት የእንጨት ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ 15 ፈረስ ነው፣ ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣው ቱ ስትሮክ።

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ጉማሬ ላሳያቸው ብላ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተሳፈረች። ገና 10 ደቂቃ እንደሄድን ትንሹ ልጅ አስመለሰው። እናትየው "ቤንዚን እኮ ይሸታል፣ አይታወቅህም?" አለችኝ። እኔ ለምጄው ኖሮ ምንም አልሸተተኝም። ወዲያው ዞሬ ዳር አደረስኳቸው፤ ብሩንም መለስኩላት። ከዚያ የወለሉን ጣውላ ሳነሳ ከሥር በተጠራቀመው ውሃ ላይ ቤንዚን ተንሳፍፎ አገኘሁት።

ደነገጥኩና እየቀዳሁ ወደ ሐይቁ ደፋሁት። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ተዘረጋ። ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት አይተውኝ "ልጄ፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል እንጂ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰልባቲዮዬ 25 ሊትር የሚይዝ ቀይ ፕላስቲክ ነው። በጎማ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፣ ተነቅሎም ይወጣል። የተሰነጠቀ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቤንዚን ከየት መጣ? እናንተ ስትሞሉ እንዴት ነው የምታደርጉት? ጣውላው ሥር የቀረውንስ በምን ላጽዳ? የምታውቁ እርዱኝ።

ሞተረኛው | እሁድ ማታ

ልጁ ደህና ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። መልስ ከመስጠቴ በፊት አራት ነገር ንገረኝ። የምትሞላው ጀልባው ላይ ሆነህ ነው ወይስ መሬት ላይ አውርደህ? በምን ትገለብጣለህ? እስከ የት ትሞላለህ? ምሳ ልትበላ ስትወጣ ጎማውን ከሞተሩ ትነቅለዋለህ ወይስ እንደተሰካ ትተወዋለህ?

ደግሞ አደራ፣ ጣውላው ሥር ሳይጸዳና ሳይነፍስ ሞተሩን እንዳታስነሳ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በእኛ ከተማ ሙቀት ቀርቶ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል።

የታቦር_ልጅ | እሁድ ማታ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ልጁ ደህና ነው፣ ደውዬ ጠይቄያለሁ። የምሞላው ጀልባው ላይ ነው። ከቢጫው የዘይት ጀሪካን በተቆረጠ ሃይላንድ እገለብጣለሁ። እስከ አፉ ነው የምሞላው፤ ቤንዚን በሚጠፋበት ሳምንት የተገኘውን ሁሉ ካልያዝኩ ሥራ ያቆመኛል። ምሳ ስወጣ ጎማው እንደተሰካ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ግን አጥብቄ እዘጋለሁ። እሱንስ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

ሞተረኛው | ሰኞ ጠዋት

እንግዲህ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ስለ ፀሐይ። ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል። በየ10 ዲግሪው 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠዋት በቅዝቃዜ 25 ሊትር ሞልተህ ቀትር ላይ ታንኩ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ አለህ ማለት ነው። ያ ግማሽ ሊትር የት ይግባ? አፉ ድረስ ስለሞላህ ቦታ የለውም። ላይ የቀረችው አየርና ትነትም አብራ ትነፋለች። ማስተንፈሻውን ስለዘጋህ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ጎማው ደግሞ እንደተሰካ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ቤንዚኑን በጎማው ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ይህን ሁሉ ግፊት አትችልም። ካርቡራተሩ ሞልቶ ይፈሳል። አንተ አሳህን እየበላህ ጀልባህ በራሷ ጊዜ ታንጠባጥባለች። የተሰነጠቀ ነገር ያላገኘኸውም ለዚህ ይሆናል።

ማስተንፈሻውን መዝጋትህ ትክክል ነው። የጎደለው ጎማውን መንቀል ነው። ስታቆም ጎማውን ከሞተሩ ንቀል፣ ማስተንፈሻውን ዝጋ፣ ታንኩን ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ስትመለስ ጎማውን ከመሰካትህ በፊት ማስተንፈሻውን በቀስታ ላላ አድርገው። "ፍስስ" ሲል ትሰማዋለህ። ግፊቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሰካ። ስትነዳ ደግሞ ማስተንፈሻው ክፍት ይሁን። ከዘጋኸው ሞተሩ ቤንዚኑን ሲስብ ታንኩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል፣ ሐይቁ መሃል ላይም ይጠፋብሃል። ስንቱ ነው ካንዴላ ሲቀይር፣ ፊልትሮ ሲያጥብ የሚውለው! ብዙ ጊዜ ችግሩ ያቺ ብሎን ናት።

ሁለተኛ፣ አሞላልህ። ጀልባ ላይ መሙላት አቁም። ተንቀሳቃሽ ያሰኘው እኮ ተነቅሎ መውጣቱ ነው። መሬት ላይ አውርደው፣ ደልደል ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ እዚያ ሙላ። ከአስር አንዱን እጅ ባዶ ተው። ባለ 25 ከሆነ 22 ሊትር ላይ ቁም። ቤንዚን ሲጠፋ ጭንቀቱ ይገባኛል፣ እኔም በሱ ውስጥ ነው የኖርኩት። ግን ያቺ በመጨረሻ የጨመርካት 3 ሊትር ሞተርህ ውስጥ አልገባችም። ጣውላው ሥር ናት።

ዘይቱንም እዚያው መሬት ላይ ቀላቅል። ለብዙዎቹ ቱ ስትሮክ 50 ለ1 ነው፣ 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት፤ የሞተርህን መመሪያ ግን እይ። በዚህ ሂሳብ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። መጀመሪያ ትንሽ ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ የቀረውን ቤንዚን። ክዳኑን አጥብቀህ ነቅነቅ። ጀልባ ላይ ቆመህ ሁለት ጀሪካን ስታገላብጥ ነው ግማሹ የሚፈሰው።

ሐይቅ_ወዳድ | ሰኞ ቀን

ወንድም አትጨነቅ፣ ቀላል ነው። ፈሳሽ ሳሙና አድርግበትና በውሃ እጠበው። ውሃው ላይ ያለውም ቀለም ሳሙና ጠብ ስታደርግበት ወዲያው ይጠፋል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

በረዶ_አገር | ሰኞ ማታ

ሐይቅ ወዳድ፣ ለመርዳት ብለህ እንደጻፍክ ይገባኛል። ግን ይሄን ምክር ማንም እንዳይሠራበት እለምናለሁ።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ አሁን ሚኒሶታ ነኝ። እዚህም ሐይቅ በሐይቅ ነው፣ ትንሽ ጀልባም አለኝ። አሜሪካ ውስጥ የፈሰሰ ነዳጅ ላይ ሳሙና ማድረግ በሕግ ያስቀጣል። ምክንያቱም ቀለሙ ጠፋ እንጂ ነዳጁ አልጠፋም። ሳሙናው ይሰባብረውና ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል። ላይ ላይ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ቤንዚን በፀሐይና በነፋስ ይተናል። ሳሙና ሲገባበት ግን ወደ ታች፣ አሳው ወዳለበት ይወርዳል። ሳሙናው ራሱም የአሳውን ስንጥብ ይጎዳል።

ትክክለኛው መንገድ ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ጀልባው ውስጥ መምጠጥ ነው። እኛ ጋ ውሃ የማይመጥ፣ ነዳጅ ብቻ የሚመጥ ነጭ ጨርቅ መሳይ ነገር ይሸጣል። እዚያ ካላገኘህ አሮጌ ጨርቅና ስፖንጅ ይሠራሉ። ደረቅ ሰጋቱራም ጥሩ ነው፤ ከእንጨት ቤት በጆንያ ታገኛለህ። ውሃና ቤንዚን ተቀላቅሎ ከሆነ ክዳን ባለው ጀሪካን ቅዳውና ይረፍ። ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። ውሃ ማውጫ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለህ ግን በፍጹም እንዳታበራው። አንደኛ ሁሉንም ሐይቁ ውስጥ ይተፋዋል። ሁለተኛ ብልጭታው ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሐይቅ_ወዳድ | ሰኞ ማታ

አላወቅኩም ነበር። አመሰግናለሁ። ለጓደኞቼም እነግራቸዋለሁ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

መረብ | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ አሳ አስጋሪ ነኝ። በመቅዘፊያ ነው የምሠራው፣ ሞተር የለኝም። አሳዬን አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ላይ ነው የማወርደው። በእኛ በኩል ያለውንም ስሙን።

ቆሮሶ የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ሳሩ አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እናንተ ጀልባ የምታስሩትና ቤንዚን የምትሞሉትም እዚያው ዳር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሳፋ ሙሉ አሳ ተመልሶብኛል። ደንበኛዬ ቤቷ ወስዳ ስትጠብሰው ቤንዚን ቤንዚን አለ። መረቤን ሳሸተው እውነትም ሸተተኝ። ናይለኑ ከያዘው በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ሦስት ቀን ሳላጠምድ አሰጣሁት። ለአንድ ቤት ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የታቦር ልጅ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም። በአደባባይ ወጥተህ በመጠየቅህ አክብሬሃለሁ። እኛም ተቀይመን ዝም ስንል ነበር፣ ያም ጥፋት ነው።

የታቦር_ልጅ | ማክሰኞ ቀን

ጋሼ ይቅርታ። ስለ መረቡ አስቤው አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው የምለው።

ባቱ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከወንድሜ ጋር ነው የምንሠራው። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ቤንዚን በአፍ መሳብ።

ከጀሪካን ወደ ታንክ ስናስተላልፍ ጎማ ከትተን በአፍ ስበን ነበር የምናወርደው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አንድ ቀን ወንድሜ ሲስብ ትን አለው። ሳል ያዘው። ትንሽ ነው ብለን ወተት ሰጠነው። እኔ ደግሞ ያስመልሰው ብዬ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ እንዲከት ነገርኩት። ማታ መተንፈስ ሲያቅተው ሐኪም ቤት ወሰድነው። ቤንዚኑ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ እንድታስመልሱት ማድረጋችሁ የበለጠ ጎድቶታል አለን። ለካ ሲያስመልስ እንደገና ወደ ሳንባ ይገባል። ስንት ቀን ተኝቶ ወጣ። አሁን ደህና ነው፣ ግን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በአፍ አትሳቡ። ማንም ሰው ቤንዚን ከዋጠ አታስመልሱት፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። እኛ አሁን በእጅ የምትጨመቅ ኳስ ያላት ጎማ ገዝተናል። ጀሪካኑን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ፣ ታንኩን መሬት ላይ እናደርጋለን። ሁለት ሦስቴ ስንጨምቃት ራሱ ይወርዳል። አንድ ጠብታ አይፈስም። ሃይላንድ ቆርጦ ማፍሰሱም ቀረልን።

ሞተረኛው | ማክሰኞ ማታ

እህቴ ይሄን በመጻፍሽ ተባረኪ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ በአፌ የሳብኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ተውኩት።

ጣና_ዳር | ረቡዕ ጠዋት

ከባሕር ዳር ነኝ። ጋሼ ሞተረኛው ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ጥቂት ልጨምር።

ቢጫው የምግብ ዘይት ጀሪካን ለቤንዚን አልተሠራም። ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ክዳኑም ጎሚኒ (ፍሳሽ የሚከለክል የጎማ ቀለበት) የለውም። ቆሞ ካልሆነ ያፈሳል። ለነዳጅ የተሠራውን ወፍራሙን ፈልግ። ውድ ነው፣ ግን ዓመታት ያገለግላል። ውጪውም ላይ ቤንዚን መሆኑን ጻፍበት። ቤት ውስጥ ከውሃ ጀሪካን ጋር ተሳስቶ ስንት ጉድ ተፈጥሯል።

ጎማህን እየው። አጥፈው። መታጠፊያው ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ካየህ ጊዜው አልፏል። ጎማው መሃል ባለችው በእጅ የምትጨመቅ ኳስ ላይ ቀስት አለች፣ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለባት። ኳሷን ጨምቀህ እስክትጠነክር ሙላትና ለአምስት ደቂቃ ተዋት። ከላላች አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ጎማው ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበትን ሁሉ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) አጥብቅ። በሽቦ የጠመዘዙትን አይቻለሁ። ሽቦ ጎማውን ይበላዋል።

ታንኩን እሰረው። 25 ሊትር ከታንኩ ጋር 20 ኪሎ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሳ ከወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል፣ ጎማውን ይጎትታል፣ መሰኪያውን ያላላል። ሥሩ ላይ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አድርግና በቀበቶ እሰር።

አንድ የመጨረሻ። ስትሞላ የጀሪካኑ አፍ የታንኩን አፍ ይንካ። ቤንዚን ሲፈስ በፕላስቲክ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ያጠራቅማል፤ በዓይን አይታይም ግን ብልጭ ይላል። መሬት ላይ ሙላ የሚባለውም ለዚህ ጭምር ነው።

መረብ | ረቡዕ ቀን

እሳት ከተነሳ አይቀር፣ ዳር ላይ አሳ የሚጠብሱት ከሰል አቀጣጥለው ነው። አንዳንዱ ጀልባ የሚታሰረው ከምድጃው 10 እርምጃ ላይ ነው። የቡናውም ከሰል እዚያው ነው። ስትሞሉ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታችሁ፣ ራቅ በሉ። ሲጋራም አይታሰብ።

የታቦር_ልጅ | ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ

ተመልሻለሁ። የሆነውን ላሳውቃችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ሥራ አቆምኩ። ጣውላውን በሙሉ አንስቼ ሰጋቱራ ነሰነስኩበት። ሁለት ጆንያ ፈጀ። ሌሊቱን ጠጥቶ አደረ፣ ጠዋት በአካፋ አወጣሁት። ከቤትና ከእሳት ርቆ ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። ዳር ላይ የቀረውን በስፖንጅ ለቀምኩ። ከጀልባው የወጣውን ውሃ በጀሪካን ይዤ አሳደርኩት። በረዶ አገር እንዳለው ቤንዚኑ ከላይ ተለይቶ ተንሳፈፈ። አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅሙበት በርሜል አላቸው፣ እዚያ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ጎማውን አጠፍኩት። ጣና ዳር፣ እንዳልከው ነው፤ ከመሰኪያው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ነበረው። ኳሷም አምስት ደቂቃ አልቆየችም። የመሰኪያዋም ጎሚኒ አልቋል። ጎማውንም ጎሚኒውንም ቀየርኩ፣ በፋሸታ አሰርኩ። ስለዚህ ችግሩ አንድ ብቻ አልነበረም። ፀሐይ ላይ ይገፋል፣ በስንጥቁ ይወጣል፣ ስሞላም እደፋለሁ።

አሁን 22 ሊትር ላይ እቆማለሁ። የምሞላው ከዳር ራቅ ብሎ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ቅዳሜና እሁድ 11 ጊዜ ተሳፋሪ አመላለስኩ። በየመሃሉ ጣውላውን አንስቼ አየሁ፤ ጠብታ የለም። የሚገርመው ቤንዚኑም በረከተልኝ። ድሮ ስንቱን እየደፋሁ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ለዚያች እናት ደውዬ ልጆቹን በነፃ ላንሸራሽራቸው ብያት እሺ ብላኛለች። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ጣውላው ራሱ አሁንም ትንሽ ይሸታል። ምን ላድርገው?

ሞተረኛው | ማክሰኞ ማታ

እጅህ ይባረክ። እንጨት ሲጠጣ ቶሎ አይለቅም። ጣውላዎቹን አውጥተህ ለየብቻ ፀሐይና ነፋስ ላይ ደርድራቸው፣ አንድ ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ በሌላ ጣውላ ሥራ። ከደረቁ በኋላም የሚሸት ካለ እሱን ቀይረው። ቀለም ቀብተህ እንዳትሸፍነው፣ ሽታው ከሥር ይቆያል። የሕይወት አድን ጃኬቶቹንም አሽት። ጣውላው ሥር ከነበሩ እነሱም ጠጥተዋል።

የታቦር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ጃኬቶቹን ረስቻቸው ነበር! አሁን ሄጄ አያቸዋለሁ።

መረብ | ረቡዕ ጠዋት

ከእናንተ መሃል ሦስት ጀልባ አሁንም ውሃው ላይ ሆኖ ይሞላል። እኔ ብነግራቸው ይቆጣሉ፣ አንተን ግን ይሰሙሃል። ቅዳሜ ጠዋት ከመረብ ስመለስ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል እገኛለሁ። ያቺን የምትጨመቅ ጎማ ይዘህ ና፣ አብረን እናሳያቸው።

የታቦር_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

እመጣለሁ ጋሼ። ሁለት ትርፍ ፋሸታም እይዛለሁ።